ከሜልቦርን ቦሌ ስንት ሰዓት ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ማዶ ካለችው ፍራፍሬ ሻጭ ዘንድ ብርቱካን ስመርጥ፣ አንዲት የሰፈራችን ሴት ከኋላ መጥታ ክንዴን ያዘችና «እትዬ የሺ፣ እርስዎ ያውቃሉ ብለውኝ ነው፤ ከሜልቦርን ቦሌ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ። ወንድ ልጇ ሊያገባ እየመጣ ነው። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ለእኔም ይተርፍ ነበር፤ እኔ ግን አመሌ ነውና «ስልክሽን ጠይቂው፤ እኔ አብራሪ ነኝ እንዴ?» ብዬ መለስኩላት። ደነገጠች። የመረጥኩትን ብርቱካን ሳላስመዝን ጥዬው ሄድኩ። ያፈርኩት ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ምን በደለችኝ? የጠየቀችኝ ነገር ዓምና ሌላው ዳዊት እንደሚደግም እኔ ስደግመው የሰነበትኩት ነገር ነው። በሁለት በረራ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ እስከ ዱባይ አሥራ አራት ሰዓት፣ እዚያ የተወሰነ ጊዜ መጠበቅ አለ፣ ከዚያ ወደ ቦሌ አራት ሰዓት። ርቀቱን ልጄ ሀብታሙ ከስልኩ አይቶ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ምናምን ነው ብሎኛል። ይህን ሁሉ መንገር ስችል ምላሴ ቀደመኝ።

ጥፋቱ የብርቱካኑም ነው። ሻጯ ለደንበኛ እየላጠች ታቀምስ ነበር፤ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ደግሞ ለእኔ የባቡር ሽታ ነው። ዛሬ ያ ጣቢያ ሐዲዱን ዝገት በልቶት፣ ፍየሎች ጥላው ሥር ተኝተውበት ታገኙታላችሁ። አዲሱ ባቡር ከከተማው ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው፤ እሱ ጋ ለመድረስ ራሱ ሌላ ጉዞ ይጠይቃል። ያኔ ግን ናዝሬት የምትነቃው ባቡሩ ሲጮህ ነበር። ጋሪዎች በራፉ ላይ ተደርድረው፣ ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ ክር ታስሮላቸው፣ ፓፓያና ዘይቱን የያዙ ሴቶች በየመስኮቱ ሥር እየሮጡ፣ ከማዶው ቡና ቤት ደግሞ የሸክላ ማጫወቻው ያንኑ አንድ ዘፈን ደጋግሞ እያላዘነ። እኔ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነኝ፤ ፀጉሬ አፍሮ፣ ሱሪዬ ከጉልበቴ በታች አስፋልት የሚጠርግ ቤልቦተም። የሰፋሁትም ራሴ ነኝ። በስሙኒ ዘንቢል ሙሉ ሎሚ ይገዛ ነበር ስላቸው የልጅ ልጆቼ ተረት የማወራ ይመስላቸዋል።

ልብስ ሰፊ ስለነበርኩ ለጨርቅ ድሬዳዋ እመላለስ ነበር። ቴትሮኑ፣ ሽፎኑ፣ አበባ አበባ ያለበት ናይለኑ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ በየት በኩል እንደገባ መጠየቅ ነውር ነበር። ፈታሽ መጣ ሲባል ነጋዴዎቹ ሴቶች ጨርቁን ወገባቸው ላይ ይጠመጥሙትና ፉርጎው በሙሉ የስድስት ወር እርጉዝ ይሆናል። ጠዋት ከናዝሬት ተነስተን፣ መተሐራና አዋሽ ላይ በልተን ጠጥተን፣ ሲመሽ ድሬዳዋ እንገባለን። አሁን ሳስበው ይገርመኛል። እኛ አዋሽን ተሻግረን ድሬዳዋ በምንደርስበት ጊዜ የእህቴ ልጅ ውቅያኖስ ታቋርጥበታለች። የእኛው መንገድ ግን ሰው የሞላበት ነበር። የማይተዋወቅ አልነበረም፤ ቲኬት ቆራጩ የሚስቱን ወሊድ፣ ሥጋ ጠባሿ የልጇን ፈተና ሲያጫውቱን ነበር የምንጓዘው።

አባቴ የሞተ ቀን እኔ ድሬዳዋ ነበርኩ። አባቴ ጣቢያው በር ላይ የሚቆም ጋሪ ነጂ ነበር፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የባቡር ሰው ሆኖ እሱን የማያውቅ አልነበረም። ጠዋት ፈረሱን ሲጭን ወደቀ፣ ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። ያኔ ቀብር የሚቆይበት ቦታም ልማድም አልነበረም። ወሬው ጣቢያዎቹ እርስ በርስ በሚደዋወሉበት ስልክ ድሬዳዋ ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት እኔ ባቡር ስሳፈር፣ ከእኔ በቀር ፉርጎው በሙሉ ያውቅ ነበር። የመስኮት ቦታ ለቀቁልኝ። አዋሽ ላይ ለማንም ዱቤ የማትሰጠው ሥጋ ጠባሽ እጄ ላይ ሥጋ አስቀምጣ ሳንቲሜን አልቀበልም አለችኝ። እኔ ሞኟ ዕድሌ የተቃና መስሎኝ እየዘፈንኩ፣ ብርቱካን እየላጥኩ ለሁሉም አድል ነበር።

ለአባቴ ነጭ የቴትሮን ሸሚዝ ገዝቼ ነበር። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው አዴ ፋጡማ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ አባቴ ስንት ዓመት ዕቃዋን በጋሪው ያመላለሰላት፣ እንደ ወንድሟ የምታየው ሴት። ሸሚዙን ዘረጋሁትና «አዴ፣ አባቴን ይሆነዋል?» አልኳት። ጨርቁን በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው። ትከሻው ጋ፣ ኮሌታው ጋ፣ ጊዜ ወስዳ አየችው። «ይሆነዋል ልጄ» አለችኝ። «ልኩ ነው።»

ናዝሬት ስንደርስ ጎረቤቶች ተቀብለው ወደ ራሳቸው ቤት ወሰዱኝ። ምሳ ቀረበልኝ፤ ከነገሩኝ በኋላ እህል እንደማልቀምስ ስለሚያውቁ ነው። እኔም እየቀለድኩ በላሁ። እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ ሽማግሌዎቹ ገቡ። መርዶ እንዲህ ነው በኛ አገር፤ መንገደኛ አይረዳም፣ ያልበላ አይረዳም፣ ብቻውን ያለ ሰው አይረዳም። ደረቴን ስመታ ከሐዘኑ ይልቅ ያቃጠለኝ «ይሆነዋል» የሚለው ቃል ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አዴ ፋጡማን ሰላም አላልኳትም። ስታልፍ ፊቴን አዞርኩባት፣ ስትሞትም ለቅሶ አልደረስኩም። ዓለም ሁሉ ተሰብስቦ የሳቀብኝ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ይህን በሰው ልጅ ላይ አላደርገውም ብዬ ማልኩ፤ ይህን መሐላዬንም ልጆቼና የእህቴ ልጅ ማርታ እስኪሰለቻቸው ሰምተውታል።

ማርታ የታናሽ እህቴ የብርሃኔ አንድ ልጅ ናት። ብርሃኔ ያለ ባል፣ ዝዋይ አበባ እርሻ እየሠራች ነው ያሳደገቻት። ዝዋይን አሁን ባቱ፣ ናዝሬትንም አዳማ ነው የምንለው፤ የእኔ አፍ ግን አሁንም አሮጌውን ስም ያስቀድማል። ልጅቱ አውስትራሊያ ሄዳ አዛውንት መጦሪያ ቤት ተቀጠረች። እናቷን አዳማ አምጥታ ከእኔ ግቢ አጠገብ ቤት ተከራየችላት። ማታ ማታ በኢሞ ይደዋወላሉ፤ ማርታ እዚያ ገና እየነጋባት፣ ብርሃኔ እዚህ ነጠላዋን ተከናንባ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ። «ራቅ አርጊው እማዬ፣ ዓይንሽ ብቻ ነው የሚታየኝ» ትላታለች ልጅቱ። ዓምና የብርሃኔ ኩላሊት ተዳከመ። ሐኪሙ ልጅ ካላት ትምጣ ሲለን ለማርታ ነገርናት፤ ፈቃድ ለምና ተነሳች። ልትሳፈር ስትል ከአየር ማረፊያው ፎቶ ላከች። ሰማያዊ ጃኬት ለብሳ፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗ አብጦ። «እማዬን ጠብቂኝ በያት» የሚል ድምፅም ልካለች። ለብርሃኔ በጆሮዋ አሰማኋት። ፈገግ ያለች መሰለኝ። ማርታ አየር ላይ ከወጣች አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ እህቴ ዐረፈች።

የዕድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ገመዳ ወዲያው መጡ። ብርሃኔን በአፋን ኦሮሞ እየተጫወቱ ያስቋት የነበሩ፣ ማርታን እንደ ልጃቸው የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው። ድንኳኑ ሲተከል ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀው፤ ልጅቱ ትደርሳለች ወይ? ሬሳው ሆስፒታል ፍሪጅ ውስጥ እስከ ነገ ሊቆይ ይችላል። ሀብታሙ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ስለሆነ የጉዞ ሒሳብ አይከብደውም። «ቦሌ ነገ ሰባት ሰዓት ላይ ትደርሳለች፤ በፈጣን መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እዚህ ናት» አለ። ቀብሩ ለአሥር ሰዓት ተቀጠረ። አመሻሹ ላይ በረራዋን በካርታ የሚያሳየው የሀብታሙ ስልክ በድንኳኑ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰማያዊ ባሕር ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ታያለህ፤ የምትንቀሳቀስ አትመስልም፤ ትንሽ ቆይተህ ስታያት ግን ሄዳለች። አሮጊቶቹ መነጽራቸውን እየተዋዋሱ አዩ። «ውይ ልጄን፣ ባሕሩ ላይ ብቻዋን» አለች አንዷ፤ ሌላዋም አለቀሰች።

ኦቦ ገመዳ ወደ ጎን ወስደው አነጋገሩኝ። «ያ የሺ፣ ዱባይ ስትደርስ መደወሏ አይቀርም። ሂን ሂሚን፤ እንዳትነግሪያት። ተኝታለች በያት።»

«ኦቦ፣ እኔ ይህን አልችልም። እርስዎ የእኔን ታሪክ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ግን እዚያ ማን አላት? ማን ይይዛታል?»

«እውነቱ ይያዛት» አልኳቸው። ይህን ስናገር ትክክል መሆኔን አልተጠራጠርኩም ነበር። እንዲያውም ስንት ዘመን ስጠብቀው የነበረ ዕድል የመጣልኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ።

ስልኩ የጮኸው ሰማዩ ሲገረጣ ነው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ከአፌ ሳትሰማ ጥቁር ልብሴን እንዳታይ ቀይ ሻርፕ ደርቤ ጠብቄያለሁ። ማርታ ታየችኝ፤ ከኋላዋ የሚያብረቀርቅ ሱቅ፣ ዕቃ የሚገፋ ሰው፣ የሚያዛጋ ሰው።

«እቴቴ፣ ደረስኩ። እማዬን አሳይኝ።»

«እንዴት ነሽ ማርቲዬ? እህል ቀምሰሻል?»

«ምንም አልበላሁም። ተኝታ ከሆነ አትቀስቅሻት፤ ፊቷን ብቻ አሳይኝ።»

መውጫውን ራሷ ሰጥታኝ ነበር። ተኝታለች ብል ይበቃ ነበር። ነገር ግን ይህ ቃል «ይሆነዋል» ከሚለው ጋር አንድ ሆኖ ታየኝ። «ማርታ፣ እናትሽ ዐረፈች» አልኳት። «ትናንት፣ አንቺ ከተነሳሽ በኋላ። ሳትሠቃይ። ቀብሩን አቆይተንልሻል።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ዓይኗ ከስልኩ ላይ ተነስቶ ዙሪያዋን ቃኘ፤ ሰው ፍለጋ ነበር፣ አሁን ነው የገባኝ። አንድ ቤተሰብ ሦስት ልጆቹን እየጎተተ በፊቷ አለፈ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ደወልኩ፣ አይነሳም። ሀብታሙ ደወለ፣ አይነሳም። ጓዳ በር ላይ ቆመው የነበሩት ሴቶች ለማልቀስ ተዘጋጅተው ነበር፤ መርዶ ሲነገር ደግፎ ማልቀስ ልማዳቸው ነው። ግን የሚደግፉት ሰው አልነበረም። አንዲቷ ስልኬን ተቀብላ ጨለማውን መስታወት አየችው፣ መለሰችልኝ።

ያን ጠዋት አልመኘውም ለጠላቴ። ትሳፈራለች? ወድቃ ቢሆንስ? ማን ስሟን ጠርቶ ያነሳታል? ሀብታሙ «ትሳፈራለች እማ፤ የት ትሄዳለች?» እያለ ያጽናናኝ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን ስልኩን በየደቂቃው ነበር የሚያየው። አውሮፕላኗ ከዱባይ መነሳቷን አየን፤ እሷ ውስጧ መኖሯን ግን የሚነግረን የለም። ከእንግዲህ ያለው ርቀት ቀደም ካለው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም፤ የዓረብ አገርን በረሃ አልፎ ቀይ ባሕርን መዝለል ብቻ ነው። እኔ ግን በዕድሜዬ እንደዚያ የረዘመ አራት ሰዓት አላውቅም። ኦቦ ገመዳ አንድም ቃል አልወቀሱኝም። ይህም ሌላ ሸክም ሆነብኝ።

ቦሌ እኔና ሀብታሙ ነበርን። ብዙ ሰው ወጣ፤ እየተሳሳመ፣ እየተጯጯኸ፣ አበባ እየተቀበለ። እሷ መጨረሻ አካባቢ መጣች። ሰማያዊ ጃኬቷን እንደለበሰች፣ ፀጉሯን እንደሰበሰበች፣ ደረቅ ፊት። አቀፍኳት። እንጨት ያቀፍኩ መሰለኝ። «ልጄ፣ አልቅሺ እንጂ» አልኳት። «እሺ» አለችኝ፤ አላለቀሰችም። ሀብታሙ ውኃ ገዝቶ ሰጣት፤ ክዳኑን ሳትከፍት ያዘችው።

መንገዱ ላይ ዱከምን አለፍን፤ ቢሾፍቱን አለፍን። ኮንቴነር የጫኑ መኪኖችን እየቀደምን ሄድን። ሞጆን እንዳለፍን፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ መናገር ጀመረች።

«ስልኩን ዘግቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ስወጣ የት ልቁም? መቀመጫው ሁሉ ሰው ነው፤ ሰው ግን የለም። አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ፊልም እያየ ይስቅ ነበር። አስተናጋጇ መብረር ፈርተሽ ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።»

«እኔን ይድፋኝ» አልኩ።

«አልተቀየምኩሽም እቴቴ። ለምን እንደነገርሽኝ ይገባኛል፤ የአያቴን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስትነግሪኝ ነው ያደግኩት።» ጠርሙሱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ግን ባትነግሪኝ ኖሮ እኮ ያን አራት ሰዓት እናት ይኖረኝ ነበር። ስገባ ምን እንደምላት እያሰብኩ እመጣ ነበር።»

ሀብታሙ በመስታወቱ አየኝ። ከፊታችን ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማማዎቹ ይሽከረከሩ ነበር፤ ከሥራቸው አዳማ በሙቀት ተሸፍናለች። ሰፈር ስንደርስ ሴቶቹ ከድንኳኑ ወጥተው ወደ መኪናው ሮጡ። ማርታ በሩን ከፍታ አንድ እርምጃ ሳትራመድ ኦቦ ገመዳ ላይ ወደቀች፤ ያን ጠዋት የቀረው ጩኸት ያኔ ወጣ። እሳቸው ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ «አይዞሽ፣ ቤትሽ ነሽ፣ ቤትሽ ነሽ» ይሏታል። ሃያ ሴት ከቧት ነበር፤ ወገቧን የያዘ፣ እጇን የያዘ፣ ጫማዋን የሚያወልቅ። እኔ ከመኪናው አልወረድኩም። የምይዘው ቦታ አልነበረም።